የአምስተኛው ጠረጴዛ ዐይን

ኢላንጎ በካናቴራ ፋብሪካው ከአምስተኛው የጨርቅ መፈተሻ ጠረጴዛ በላይ የተሰቀለችውን ካሜራ ብሎኗን ፈትቶ ሲያወርዳት፣ ከታች የተሰበሰቡት ሰዎች አንገታቸውን አንጋጠው ያዩት ነበር። በርጩማው ላይ እንደቆመ ገለበጣት። የምስር ፍሬ የምታህለው መስታወቷ ላይ ቢጫ ነገር ደርቆ ተጋግሯል፤ መሀሉ ላይ ቀይ ነጥብ አለበት። ማንም ሳያይበት በመዳፉ ሸፈናት።

«ምን አገኘህ?» አሉ የፋብሪካው ባለቤት ፖኑሳሚ።

«ገና ነው ጋሼ። ከፍቼ ልያት።»

«ክፈታታ። እኔም እሱን ነው የምልህ።» ፖኑሳሚ በእጃቸው የያዙትን ነጭ ካናቴራ ዘረጉት። ከትከሻው እስከ ወገቡ ጣት የሚያህል ቡናማ የዘይት መስመር ወርዶበታል። «ይኼ አንዱ ነው። ሦስት ሺህ ወንድሞች አሉት። ተቆርጦ፣ ተሰፍቶ፣ ትናንት ካውያ ቤት ከገባ በኋላ ነው የታየው። አንተ ‹ከሰው ዐይን ትበልጣለች› ብለህ ያመጣህልኝ ነገር ዓርብና ቅዳሜ ሙሉ ቀን ስታየው ውላ አንዴ እንኳ መብራቷን አላበራችም።»

«አውቃለሁ ጋሼ።»

«አታውቅም። ዐሥር ሰዓት ላይ የገዢው ወኪል ይመጣል። ከዚያ በፊት አንድ ነገር ብቻ ትነግረኛለህ፤ ጥፋቱ የማሽን ነው ወይስ የሰው? የሰው ከሆነ ያጠፋውን አባርሬ ወኪሉን ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ አንተም ያዘዝኩህን አርባ ካሜራ ታመጣለህ። የማሽን ከሆነ ግን እነዚህን ስድስቱን ዛሬውኑ ነቅለህ ከፊቴ ጥፋ። ገባህ?»

«ገብቶኛል።»

«እንግዲያው ውረድ። ዝንጀሮ ይመስል እዚያ አትንጠልጠል።»

ከሴቶቹ አንዷ ሳቋን ዋጠች። ኢላንጎ ካሜራዋን እንደጨበጠ ወረደ። ከጠረጴዛው ኋላ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ የተቀመጠችው ታላቅ እህቱ ማራጋታም ናት። ወደ እሱ ዞራለች፤ ግን የምታየው ከጆሮው ወጣ ያለውን ባዶ ቦታ ነው። ፊት ለፊቷ ያለ ነገር ስለሚጠፋባት ሰውን በዐይኗ ጠርዝ ማየት ከጀመረች ሁለት ዓመት አልፏል። በዚህ ፋብሪካ ውስጥ ይህን የሚያውቅ ኢላንጎ ብቻ ነው። የቀሩት ወንድሟ ካሜራ ከሠራ ወዲህ ኮርታ ነው ይላሉ።

ካሜራዋን መክፈት አላስፈለገውም። ነገሩ ገና በርጩማው ላይ እያለ ገብቶታል። ያለፈው ረቡዕ የመሣሪያ በዓል ነበር። በዚያ ቀንና በማግስቱ በደቡብ ሕንዷ የካናቴራ ከተማ በቲሩፑር ሥራ የሚባል ነገር የለም። መቀሱም፣ የስፌት መኪናውም፣ ሚዛኑም፣ የፖኑሳሚ መኪናም ሳይቀር ይታጠባል፣ አበባ ይደረግለታል፣ በውሃ የተለወሰ ቢጫ የሰንደል እንጨት ዱቄት ግንባሩን ይቀባና በላዩ ቀይ ነጥብ ይደረግበታል። ዓመት ሙሉ ያበላህን ዕቃ አንድ ቀን ታከብረዋለህ፤ ሌላ ምስጢር የለውም። ሴቶቹ ዘንድሮ ካሜራዎቹንም አልረሱም። የሌሎቹ አምስት ካሜራዎች ነጥብ ጀርባቸው ላይ፣ በጥቁሩ ቆርቆሮ ላይ ነው። የአምስተኛው ጠረጴዛ ካሜራ ጀርባዋ ግን ንጹሕ ነው። የማራጋታም ጣት የካሜራዋን ግንባር ፈልጎ ያገኘው ዐይኗን ነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው የኢላንጎ የገዛ ሥራው ነው። ካሜራዋ እንደ ውጭ አገሮቹ ሥዕሉን ወደ ትልቅ ኮምፒዩተር አትልክም። የሳሙና ማስቀመጫ በምታህል ሣጥን ውስጥ ራሷ ታያለች፣ ያየችውን ራሷ ትመዝናለች፣ እንከን ካገኘች ቀይ መብራት ታበራለች፤ አለቀ። በአንዲት የውጭ ካሜራ ዋጋ የእሱ ስልሳ ይገዛል። ርካሽ እንድትሆን ግን አእምሮዋ ጠባብ መሆን ነበረበት። መስታወቷ ላይ አቧራ በተቀመጠ ቁጥር እንዳትጮህ ‹የማይንቀሳቀስ ነገር እንከን አይደለም› ብሎ አስተምሯታል፤ ስለዚህ ቀዩን ነጥብ ናቀችው። ቢጫው ቅብ ደግሞ ዓለሙን ሁሉ አደብዝዞ ወጥ አደረገባት፤ ወጥ ማለት ለእሷ እንከን የሌለው ጨርቅ ማለት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ፣ ከተሠራች ጀምሮ አይታው የማታውቀውን ቆንጆ ጨርቅ ስታይ ዋለች።

ባልደረባው ዲናካር በክር ማከማቻው ክፍል ኮምፒዩተሩን ከፍቶ ይጠብቀው ነበር። አጭር፣ ወሬ የማያልቅበት፣ የባንክ ሥራውን ጥሎ ከእሱ ጋር የገባ ሰው ነው። አማቱ በዚህ የተነሣ እስከ ዛሬ አያናግሩትም። ከአንድ የብስክሌት ጎማ ጠጋኝ ቤት ጓሮ የተከራዩአቸው ሁለት ክፍሎች በአርባ ባዶ የካሜራ ሣጥን ተሞልተው መርገጫ የለም። ሣጥኖቹ ፖኑሳሚ ‹አምጣ› የሚሉበትን ቀን ነው የሚጠብቁት።

«ስጠኝ» አለ ዲናካር። ከካሜራዋ ሆድ ጥፍር የምታህለውን የማስታወሻ ካርድ አወጣና ኮምፒዩተሩ ላይ ሰካት። «ብርሃን ድንገት ሲቀየር አንድ ሥዕል ታስቀምጣለች፤ አልረሳህም አይደል? ለጥገና ብዬ ያስገባኋት።»

ኢላንጎ አልረሳም። ሊረሳው ግን ፈልጎ ነበር። ካሜራዎቹ የተሰቀሉ ዕለት ሴቶቹ ከበውት ‹ፊታችንን ታነሣለች እንዴ?› ብለው ሲጠይቁት፣ ‹ከጨርቅ በቀር ምንም አታይም፣ ምንም አታስቀምጥም› ብሎ ምሎላቸዋል።

ሥዕሉ ወጣ። ከላይ ወደ ታች የተነሣ ነው። ከፊት ቢጫ ልውስ የነካ የጣት ጫፍ ግዙፍ ሆኖ ተደቅኗል። ከጣቱ ኋላ ማራጋታም ቀና ብላለች። ፀጉሯ ላይ ነጭ አበባ ሰክታለች፣ ዐይኗን ጨፈን አድርጋለች፣ ከንፈሯ ለጸሎት ተከፍቷል። ኢላንጎ እህቱን እንዲህ አምራ አይቷት አያውቅም።

ዲናካር በመዳፉ ጭኑን መታ። «ይኸውልህ! ሰው ነው። አርባው ዳነ።» ከዚያ ጠጋ ብሎ አየ። «ቆይ... እትዬ ማራጋታም ናት እንዴ?»

«እሷ ናት።»

ዲናካር እጁን ከጭኑ አነሣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን ቶሎ ተጽናና። «ቢበዛ ይቆጧታል» አለ።

«ያባርሯታል።»

«ለአንዲት ነጥብ? ያውም የበዓል?»

«ለነጥቡ አይደለም። ‹መብራቷ ባይበራ አንቺስ ዐይን አልነበረሽም? ያ ሁሉ ዘይት በፊትሽ ሲያልፍ የት ነበርሽ?› ይሏታል። ምን ብላ ትመልስ?»

«እውነትም የት ነበረች?»

ኢላንጎ ወደ በሩ አየ። «አታይም» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «የስኳር በሽታው ዐይኗን ከውስጥ በልቶታል። ማዱራይ ያለው የዐይን ሆስፒታል ድረስ ወስጃታለሁ። የሄደው አይመለስም፣ መነጽርም አይረዳትም ብለውናል። የቀራት ጠርዙ ነው።»

«ካሜራዋን ስናስተምር ስምንት ሺህ ቁራጭ ጨርቅ፣ ይኼ ቀዳዳ ነው፣ ይኼ የሳተ ክር ነው፣ ይኼ ዘይት ነው እያለች የለየችልን እሷ አይደለችም እንዴ?»

«ያኔ ጠርዙ ይሻል ነበር። የቀረውን በጣቷ ዳብሳ ነው።»

ዲናካር ወንበሩ ላይ ወደ ኋላ ተደገፈ። ነገሩ ቀስ እያለ ሲገባው ፊቱ ላይ ይታያል። «ስለዚህ ካሜራዋን የሠራኸው ለእሷ ነዋ። መብራት ሲበራላት ጨርቁን እንድታቆም። ያየች እንድትመስል።»

ኢላንጎ ካሜራዋን ከጠረጴዛው አነሣት።

«ለእኔ ግን ለገበያ ነው አልከኝ። ሥራዬን ያስለቀቅከኝ ‹መላ ቲሩፑር ይገዛናል› ብለህ ነው።»

«እሱም ውሸት አልነበረም።»

«ግማሽ ውሸት ነበር። እኔ በግማሽ ውሸት ነው ደመወዝ አጥቼ የተቀመጥኩት። ቤቴን የወጥ ሽታ ከራቀው ቆየ፤ ሚስቴ የእናቷን ቤት ደጅ መርገጥ አፍራለች።» ጣቱን ወደ ሥዕሉ ቀሰረ። «ስማኝ። እህትህን እወዳታለሁ። ከእጇ በልቻለሁ። ግን የነካችው እሷ ናት፤ እውነቱ ይኼ ነው። እኛ ምን አጠፋን?»

«የካሜራዋ ዐይን ሲሸፈን ‹ተሸፍኛለሁ› የምትልበትን ክፍል አስወጥቻለሁ።»

«ቦታ ስላልበቃ ነዋ!»

«ቦታ ያልበቃው ርካሹን ስለመረጥን ነው። የማታይ ካሜራ አላይም ማለት ነበረባት። እሷ ግን ዝም ብላ ደህና ነው፣ ደህና ነው ስትል ዋለች።»

ዲናካር ከት ብሎ ሳቀ፤ የደስታ ሳቅ አይደለም። «እንደ እህትህ ማለት ነው» አለ።

ኢላንጎ ሊመታው ዳድቶት ነበር። ከዚያ ሰውየው ልክ መሆኑ ገባውና እጁን መለሰ። ከእናታቸው ሞት በኋላ ማራጋታም በዐሥራ ስድስት ዓመቷ እዚህ ፋብሪካ ገብታ፣ ሃያ ሰባት ዓመት ነጭ ጨርቅ ላይ አፍጥጣ፣ እሱን ኮሌጅ ያስገባች ሴት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ልጇን ካያልን በዚሁ ሥራ ነርስነት ታስተምራለች። አላይም ብትል ኖሮ ያኔውኑ በር ያሳዩዋት ነበር። ዝም ማለቱን ያስተማራት ማንም አይደለም፤ ቸግሯት ነው።

«የምትለውን በል» አለ ዲናካር ተነሥቶ። «እኔ ከጎንህ እቆማለሁ፤ አፌን አልከፍትም። ማሽን ነው ካልክ ግን ከነገ ጀምሮ እኔን አትፈልገኝ።»

በምሳ ሰዓት ማራጋታምን በኋለኛው ደረጃ ላይ እርጎ የፈሰሰበት ሩዟን ከፍታ ተቀምጣ አገኛት። አረማመዱን ሰምታ ወደ ጎን ሸሸችለት።

«በላህ?»

«አልራበኝም እትዬ።»

«ያልራበው ሰው ሁለት ጉርሻ ይበላል። ተቀመጥ።» የኮምጣጣውን ሎሚ ቁራጭ በጣቷ ዳብሳ አገኘችና ወደ እሱ ገፋችለት። «ሰውየው አቃጠለህ አይደል? እኔን ነው የሚለበልበኝ። ዓርብ ዕለት መብራቷ አልበራ ሲል እኔ ሞኟ ደስ ብሎኝ! ጨርቁ ተሻሽሎ መስሎኝ፣ በዓሉ ሠመረላት ብዬ ማሸጊያ ላሉት ለነቫሳንታ ሳወራ ዋልኩ።»

«አንቺ ራስሽ ምንም አልታየሽም?»

«ነጭ ነበር። ነጭ ሆኖ ነው የታየኝ። እንደ ድሮው ቀስ ቢል በጣቴ እይዘው ነበር፤ ካሜራ ገባ ብለው የጨርቁን ፍጥነት እጥፍ ካደረጉት ወዲህ ግን እጅ ያቃጥላል።» ጉርሻዋን ጠቅልላ ያዘችው፤ አልበላችውም። «ምኗ ነው የተበላሸው? አንተ ነግረኸኝ የለ፣ እኔ የማላየውን ታያለች ብለህ።»

ኢላንጎ ሎሚውን አነሣ። «ለበዓሉ ነጥቧን የት ነበር ያደረግሽላት?» አለ እንደ ዘበት።

«ግንባሯ ላይ ነዋ። የት ይደረጋል?» ኩራት ብላ ተቀመጠች። «እኔ እንደ እነሱ ጀርባዋ ላይ ለጥፌ አልሄድኩም። እንጀራዬ ናት፤ የወንድሜ ልጅ በያት። በርጩማው ላይ ወጥቼ፣ ከፊቷ፣ ከዐይኗ ከፍ አድርጌ፣ እንዲህ...»

ልታሳየው ጣቷን ወደ ግንባሩ ዘረጋች። ጣቷ ቅንድቡን ሳተና የዐይኑ ቆብ ላይ ዐረፈ። ኢላንጎ ዐይኑን ጨፍኖ ጣቷ እስኪነሣ ጠበቀ።

«እንዲህ» አለች። «አምሮባት ነበር።»

«አምሮባት ነበር» አለ።

ደረጃውን ወረደ። ማከማቻው ክፍል ገብቶ ሥዕሉን አንድ ጊዜ አየው። ከዚያ አጠፋው። መስታወቷን በምራቁ አርሶ በሸሚዙ ጫፍ ሲጠርጋት ቀዩም ቢጫውም ወዲያው ለቀቀ።

ዐሥር ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ፖኑሳሚ ቢሯቸው ውስጥ ከጠረጴዛቸው ኋላ የደም ግፊት ኪኒናቸውን ሲውጡ ኢላንጎና ዲናካር ደረሱባቸው። ፊታቸው አመድ መስሏል። የፋብሪካው ሰው የሚያወራውን ያህል ጨካኝ አይደሉም፤ ገዢው ጥሏቸው ከሄደ ግን ሦስት መቶ ሰው ይዘው ነው የሚወድቁት።

«እህ?» አሉ።

«የማሽን ነው ጋሼ።»

ዲናካር ከጎኑ ቆሞ ጫማውን ያያል።

«የማሽን» አሉ ፖኑሳሚ። «ምን ሆና?»

«መስታወቷ ቆሸሸ። ስትቆሽሽ ማሳወቅ ነበረባት። ያንን የሚያደርገውን ክፍል ዋጋ ለመቀነስ እኔ ነኝ ያወጣሁት። እርስዎ ዋጋውን ሲሟገቱኝ ከሌላ ቦታ መቀነስ ነበረብኝ፤ ከዚያ ቀነስኩ።»

«ተው፣ ደግሞ በእኔ ልታላክክ!»

«አላላክኩም። ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ፖኑሳሚ ዐይናቸውን ከእሱ ላይ አላነሡም። «ጠረጴዛው የእህትህ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «እሷስ? ዐይኗን በጨው አጥባ ነበር የተቀመጠችው?»

ይህ ጥያቄ እንደሚመጣ ያውቅ ነበር። ደረጃውን ሲወጣ መልሱን ሲያመነዥክ ነው የመጣው። «መብራት ካልበራ አሳልፉ ያልኳቸው እኔ ነኝ» አለ። «ፍጥነቱ እጥፍ ሆኗል፤ በዚያ ፍጥነት የማንም ዐይን አይዝም። እርስዎም ቆመው ቢያዩት አይታይዎትም።»

ፍጥነቱን እጥፍ ያደረጉት ፖኑሳሚ ራሳቸው ናቸው። ትንሽ አሰቡና እጃቸውን አወዛወዙ። «በቃ። ገባኝ። ሴትዮዋ ትቀመጥ። አንተ ግን ስድስቱን አሁን ንቀል።»

ኢላንጎ ከደረቱ ላይ ድንጋይ የተነሣለት መሰለው። አርባው ቀርቷል፣ ዲናካር ቀርቷል፣ ሦስት ዓመት እንዳለ ውሃ በልቶታል፤ ማራጋታም ግን ተርፋለች። በሩን ሊከፍት ሲል ፖኑሳሚ ከኋላው መናገር ቀጠሉ። የሚናገሩት ከተቆጣጣሪያቸው ጋር በስልክ ነበር።

«ካሜራ የሚባል ነገር ቀርቷል። ወደ ድሮው እንመለሳለን፤ ጨርቁን ሰው ነው የሚያየው። ወደ ማሸጊያ ያዛወርናቸውን ስድስት ሴቶች መልሳቸው። እና ስማ፣ ለወኪሉ የምሰጠው አንድ ነገር እፈልጋለሁ። ሐሙስ የዐይን ሐኪሞቹን ጥራልኝ። ጠረጴዛ ላይ ካሉት ስድስት ጋር አሥራ ሁለቱም ይመርመሩ፤ ወረቀቱን እፈልጋለሁ። ያለፈች ትቀመጣለች፣ የወደቀች ሂሳቧን ተቀብላ ትሄዳለች። ከእንግዲህ በዐይን ቀልድ የለም።»

ኢላንጎ በሩን እንደያዘ ቀረ። ዲናካር አየው። ትከሻውን ያዝ አደረገውና ቀድሞት ወረደ። ከዚያ በኋላ አላየውም። ካሜራዎቹን ሲነቅል ዲናካር ሞተሩን አስነሥቶ ከግቢው ሲወጣ ድምፁ ተሰማው።

ስድስቱን ብቻውን ነቀለ። ጠረጴዛዎቹ ስለቆሙ ሴቶቹ ከደወሉ በፊት ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነበር። ከማሸጊያ የተጠራችው ቫሳንታ በሩ ላይ ቆማ ወገቧን ያዘች። ካሜራው ሲገባ ወንበራቸውን ከለቀቁት ከስድስቱ አንዷ ናት።

«እትዬ ማራጋታም፣ የወንድምሽ ዐይን ጠፋ አሉ» አለች። «እንግዲህ እንደኛ በገዛ ዐይንሽ ልትበዪ ነው።»

«ከአንቺ አላንስም» አለች ማራጋታም። ከረጢቷን አንሥታ፣ ግድግዳውን በክርኗ እየዳሰሰች፣ ቀጥ ብላ ወጣች። ሴቶቹ ተያይተው ‹አየሽ ኩራቷን› ተባባሉ።

አሥራ አንድ ተኩል ላይ በአውቶቡስ ማቆሚያው የሲሚንቶ አግዳሚ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ካሜራዎቹ በጆንያ ውስጥ ከእግሩ ሥር ናቸው። ከጨርቅ ማቅለሚያዎቹ የሚወርደው ቦይ ዛሬ ቀይ ቀለም ይዞ ይፈስሳል። ማራጋታም ከረጢቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ስትናገር ድምፏ የሌላ ሰው ይመስል ነበር።

«ርካሽ ርካሽ ስትል ርካሽ ሠራህ» አለች። «ሰፈሩን ሁሉ ወንድሜ እንዲህ ሠራ እያልኩ ጆሯቸውን በልቼ። አሁን በየት በኩል ልለፍ?»

«ጥፋቱ የእኔ ነው እትዬ።»

«የአንተ ነው እንጂ የማን ነው? እኔ ባላይ፣ እሷ ታይልኛለች ብዬ ነው የተቀመጥኩት። እኔ አንተን አምኜ።»

ንገራት የሚል ነገር ከውስጡ ወደ ምላሱ መጣ። ያንቺ ጣት ነው፣ አርባውን ያቃጠልኩት ላንቺ ብዬ ነው ሊላት ነበር። ከጎን አያት። ዐይኗን ወደ መንገዱ ጠርዝ አድርጋ፣ የማታየውን አውቶቡስ እየጠበቀች ነው።

«አዎ» አለ። «አሳፈርኩሽ።»

«ሐሙስ ሐኪሞች ይመጣሉ አሉ።»

«ሰምቻለሁ። እትዬ፣ ለምን አትተዪውም? ያለሽ ይበቃል። እኔ ሥራ እይዛለሁ።»

«በምን? በጆንያ ባለው?» ቁጣዋ ወዲያው በረደና እጇን ጉልበቱ ላይ አደረገች። «ካያል ሁለት ዓመት ቀርቷታል። ሁለት ዓመት ብቻ ነው የምፈልገው። ከዚያ በኋላ ይጥፋ ከፈለገ።»

የፋብሪካው ደወል ተደወለ። ሰው ከየበሩ እየወጣ ማቆሚያውን ሞላው። ማራጋታም ወደ እሱ ጠጋ ብላ በሹክሹክታ ተናገረች።

«ያ እናንተ ክፍል ግድግዳው ላይ የሰቀላችሁት ፊደል ያለበት ሰሌዳ... ሐኪሞቹ የሚሰቅሉት ያው ነው አይደል?»

ኢላንጎ ደነገጠ። ሰሌዳው የዐይን ሐኪም ሰሌዳ ነው። የእያንዳንዷን ካሜራ መስታወት በእሱ ነው የሚፈትኑት፤ የመጨረሻውን ረድፍ ያላነበበች ካሜራ ከክፍሉ አትወጣም። ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያየው ከላይ እስከ ታች በቃሉ ይዞታል። በከተማው ያሉት ሐኪሞች ሁሉ የሚሰቅሉትም ያንኑ ነው።

«ያው ነው» አለ።

«ታውቀዋለህ?»

ነገ ከነገ ወዲያ ስንት ሺህ ካናቴራ እንደሚበላሽ አሰበ። ፖኑሳሚን ከነኪኒናቸው አሰበ። ከዚያ ሁለት ዓመት ምን ያህል እንደሆነ አሰበ።

«አውቀዋለሁ» አለ። «ከላይ ጀምረው ነው የሚወርዱት። በዱላ ሲጠቁሙ ዱላው ሰሌዳውን ሲነካ ድምፁን ትሰሚያለሽ። የመጀመሪያው ረድፍ አንድ ፊደል ብቻ ነው። ታ።»

«ታ» አለች።

«ሁለተኛው ሁለት ነው። ፓ፣ ማ።»

«ፓ፣ ማ። አንድ ዐይኔን ይሸፍኑብኛል አይደል?»

«ይሸፍኑብሻል። የቱንም ቢሸፍኑ ፊደሉ አይለወጥም። ቶሎ ቶሎ አትበዪ፤ ትንሽ ጨፈን እያልሽ፣ የምታዪ መስለሽ።»

«እሱንማ አውቅበታለሁ» አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቅ አለች። «ታ። ፓ፣ ማ።»

«ሦስተኛው...»

አውቶቡሱ መለከቱን እየነፋ ከማዞሪያው ብቅ አለ። ቁጥሩ ግንባሩ ላይ በትልቁ ተጽፏል። ሰዉ ተነሥቶ ተጋፋ። ማራጋታም ከረጢቷን ጨብጣ ፊቷን ወደ ጎን አዘነበለች።

«የእኛ ነው?»

የእነሱ ነው። የሚቀጥለው ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው የሚመጣው። ኢላንጎ ቁጥሩን አየ፣ እህቱን አየ።

«የእኛ አይደለም» አላት። «ሦስተኛው ረድፍ ሦስት ነው። ራ፣ ካ፣ ያ። በዪ ከላይ ጀምሪልኝ።»